የፒክቶች ድንጋዮች፦ ምልክት ወይስ ጽሕፈት?

በመጻሕፍትና በመዛግብት ሙያ ለተሰማራን ለዚህ ማኅበር አባላት «ጽሕፈት የሚባለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የሚተው አይደለም። አንዱን ዕቃ ሰነድ ነው ብለን በመዝገብ አስገብተን ለተመራማሪ ስናቀርብ፣ ሌላውን ደግሞ ጌጥ ነው ብለን ወደ ሙዚየም ስንሰድ፣ ሳናስበው ለጥያቄው መልስ ሰጥተናል። በመልሳችንም አንድን ሕዝብ ጽሕፈት ካላቸው ሕዝቦች ተራ እናስገባዋለን ወይም እናስወጣዋለን። ለዘንድሮው መጽሔት አንድ የታሪክ ድርሰት እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረበትን አንድ ጉዳይ ለማቅረብ የመረጥሁት ስለዚህ ነው። ጉዳዩ ዛሬ ስኮትላንድ በምትባለው አገር ሰሜንና ምሥራቅ፣ ፒክት የተባሉ ሕዝብ ቀርጸው ያቆሟቸው የምልክት ድንጋዮች ነው። በድርሰቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፒክቶች ታሪክ የመጀመሪያው ችግር፣ ስለ እነርሱ የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል በሌሎች እጅ የተጻፈ መሆኑ ነው። ስማቸው እንኳ የተሰጣቸው ከውጭ ይመስላል። በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገኘው በ297 ዓ.ም. አንድ ሮማዊ ተናጋሪ ንጉሠ ነገሥቱን ለማወደስ ባቀረበው ንግግር ውስጥ ሲሆን፣ «ፒክቲ» የሚለው የላቲን ቃል «ቀለም የተቀቡ» ማለት ነው። ሮማውያን ይህን ስም የሰጡት በሰሜኑ ድንበራቸው ማዶ፣ ከፎርዝና ከክላይድ ወንዞች ወዲያ ለሚኖሩት ሕዝቦች ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ምስክር አየርላንዳዊው አበምኔት አዶምናን ነው፤ እርሱም በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጻፈው የቅዱስ ኮሉምባ ገድል ውስጥ፣ ቅዱሱ ለፒክቶች ሲሰብክ አስተርጓሚ ያስፈልገው እንደ ነበር ይነግረናል። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤድ በ731 ዓ.ም. በፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ታሪኩ፣ ፒክቶች ከእስኩቴስ አገር በመርከብ የመጡ ናቸው ይላል፤ የንግሥና ወራሽ ባጠራጠረ ጊዜም በአባት ሳይሆን በእናት ወገን ይመርጡ እንደ ነበር ጽፏል። የመጀመሪያው ተረት መሆኑ አያከራክርም፤ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የሌሎች ብዕር በአንድ ሕዝብ ላይ ምን ያህል ሊሠለጥን እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር። በ1590 ዓ.ም. ስለ አሜሪካው ቨርጂኒያ በተዘጋጀ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ ራቁታቸውን ሆነው ገላቸውን በቀለም ያሸበረቁ የፒክት ወንዶችና ሴቶች ሥዕል ታትሞ ነበር። ምክንያቱም በመጽሐፉ ተገልጿል፤ የብሪታንያ ሰዎችም ጥንት እንደ ቨርጂኒያ ሰዎች አረመኔ እንደ ነበሩ ለማሳየት ነው። ሠዓሊዎቹ ፒክቶችን ያዩት በሮማውያን ቃል በኩል ብቻ ነበር። በዚያው ጊዜ እውነተኞቹ የፒክት ሥራዎች በሰሜን ስኮትላንድ ማሳና መቃብር ላይ ቆመው ዝናብ ይመታቸው ነበር።

ፒክቶች መጻሕፍት አልነበሯቸውም ማለት ግን አይደለም። ንጉሣቸው ኔክታን በ710 ገደማ ወደ እንግሊዛዊው አበምኔት ቼኦልፍሪድ ልኮ ስለ ፋሲካ በዓል አቆጣጠር ምክር መጠየቁን፣ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ የሚሠሩ ግንበኞችም እንዲላኩለት መለመኑን ቤድ ራሱ ጽፏል። ማርቲን ካርቨር የተባሉት የአርኬዎሎጂ ሊቅ ከ1994 እስከ 2007 በፖርትማሆማክ ባደረጉት ቁፋሮ ደግሞ የፒክቶች ገዳም አግኝተዋል። በገዳሙም ውስጥ ብራና የሚፋቅበትና የሚዘጋጅበት ሥፍራ ነበር። ብራና ከተፋቀ መጽሐፍ ተጽፏል። ገዳሙ በ800 ገደማ ተቃጠለ፤ ከተጻፈውም አንዲት ቅጠል እንኳ ይህ ከዚያ የመጣ ነው ተብሎ የሚጠቀስ አልተረፈም። የነገሥታቱ ዝርዝር ብቻ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በተገለበጡ የሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ደርሶናል። እንግዲህ ከራሳቸው እጅ በቀጥታ ወደ እኛ የመጣው ዋናው ቃል፣ ቃል ከሆነ ማለት ነው፣ በድንጋይ ላይ ያለው ነው።

እነዚህን ድንጋዮች መዝግቦ በሥርዓት ያስቀመጠው ትልቅ ሥራ በ1903 ዓ.ም. በኤዲንብራ የታተመው የሮሚሊ አለንና የጆሴፍ አንደርሰን መጽሐፍ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ድንጋዮቹን በሦስት ክፍል ለዩአቸው። የመጀመሪያው ክፍል ሳይጠረብ እንደ ተገኘ የቆመና ምልክቶቹ በመስመር የተፋቁበት ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ተጠርቦ ሰሌዳ የተደረገ፣ በአንድ ፊቱ መስቀል፣ በሌላው ወይም በዚያው ፊት ምልክቶችና የሰዎች ሥዕል ጎልተው የተቀረጹበት ነው። ሦስተኛው መስቀል ያለበት፣ ምልክቶቹ ግን የጠፉበት ነው። ይህ ምደባ እስከ ዛሬ ያገለግላል። እኔም የካታሎግ ሥራ ሰው እንደ መሆኔ ለሁለቱ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ ይሁን እንጂ ክፍል ሲወጣ ክፍሉ የዘመን ቅደም ተከተል የሆነ ያህል መታሰቡ አይቀርም፤ ተከታዮቻቸውም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ተሳስተዋል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንምጣ። ምልክት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ከ200 በላይ ናቸው። የምልክቶቹ ዓይነት ቁጥር ከሊቅ ሊቅ ቢለያይም፣ ከ30 እስከ 50 ባለው መካከል ይገመታል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በግልጽ የሚታወቁ ፍጥረታት ናቸው፤ ንስር፣ ሳልሞን ዓሣ፣ ከርከሮ፣ ኮርማ፣ ዝዪ፣ ተኩላ፣ እባብ። ቀራጩ የከርከሮውን ትከሻ ወይም የኮርማውን ጭን በሁለት በሦስት ጠምዛዛ መስመር ብቻ ሕይወት ይዘራበታል፤ በጠንካራ ድንጋይ ላይ እንዲህ ያለ ቀላል እጅ ያለው ሰው ጀማሪ አይደለም። አንደኛው እንስሳ ግን ከየትኛውም ፍጥረት ጋር አይመሳሰልም። አፈ ረጅም፣ እግሩ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ከራሱ ላይ ረጅም ጉትዬ ወደ ኋላ የወረደ ነው፤ ዶልፊን ነው ያሉ አሉ፣ ሊቃውንት ግን «የፒክት አውሬ» ብለው መተውን መርጠዋል። ሌሎቹ ምልክቶች ዕቃ ይመስላሉ፤ መስተዋትና ሚዶ በብዛት ይታያሉ። የቀሩት ረቂቅ ቅርጾች ናቸው፦ በማያያዣ የተገናኙ ጥንድ ክቦች፣ በጎናቸውም እንደ ላቲኑ ዜድ ፊደል የተሰበረ ዘንግ የሚያልፍባቸው፤ ወይም ግማሽ ጨረቃ፣ እንደ ላቲኑ ቪ ፊደል የተሰበረ ቀስት የመሰለ ዘንግ ያለፈበት። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ ተደጋግሞ የሚገኝ ነው።

ከቅርጾቹ ይበልጥ የሚያስደንቀው ሥርዓታቸው ነው። ከሼትላንድ ደሴቶች እስከ ፎርዝ ወንዝ ድረስ ባለው ሰፊ አገር፣ መንገዱ ተራራና ባሕር በሆነበት ዘመን፣ ቅርጾቹ ሳይለወጡ ይገኛሉ። በሼትላንድ ያለው ግማሽ ጨረቃ በደቡብ ካለው ጋር ወንድማማች ነው። ምልክቶቹም ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን አይቆሙም፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ከሌላው በላይ ይቀመጣሉ። መስተዋቱ፣ ወይም መስተዋቱና ሚዶው፣ ብዙውን ጊዜ ከጥንዱ በታች እንደ ተጨማሪ ይመጣል። ለጌጥ የሚቀርጽ ሰው እንዲህ ያለ ሕግ አያስፈልገውም ነበር፤ ያማረውን ይደረድር፣ ያላማረውን ይተው ነበር።

ስለ ትርጉማቸው የተሰጠው መላ ምት ብዙ ነው። ቻርልስ ቶማስ በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ድንጋዮቹ የመቃብር መታሰቢያ ናቸው፣ ምልክቶቹም የሟቹን ማዕረግና ወገን ይናገራሉ ብለው ጻፉ። አንቶኒ ጃክሰን በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ምልክት የአንድ ወገን ምልክት ነው፣ ጥንዱም በሁለት ወገኖች መካከል የተደረገ የጋብቻ ውል ነው አሉ። ይህ ሐሳብ በእናት በኩል ይወርሱ ነበር ከሚለው ከቤድ ቃል ጋር ስለሚስማማ ለጊዜው ብዙ አንባቢ አገኘ፤ ይሁን እንጂ በአንድ የተጠራጠረ ምስክርነት ላይ ሌላ ጥርጣሬ መደረብ ግንብ ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉም የሚሻል ሆኖ የታየው፣ ሮስ ሳምሰን በ1992፣ ካትሪን ፎርሳይዝም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ይኸውም ምልክቶቹ የሰው ስም ናቸው የሚል ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ በዚያ ዘመን የፒክቶች ጎረቤቶች ሁሉ በድንጋይ ላይ የሚጽፉት ስም ነበር። በአየርላንድና በዌልስ፣ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ በጭረት ብቻ በሚጻፈው ኦጋም በተባለው ፊደል፣ ወይም በላቲን ፊደል፣ «የእገሌ ልጅ የእገሌ» የሚል ይቀርጹ ነበር። ፒክቶች ብቻቸውን በዚያው መልክ በቆመ ድንጋይ ላይ ሌላ ነገር ያደርጉ ነበር ማለት ማስረጃ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛም፣ በኬልቶችና በጀርመን ወገን ሕዝቦች ዘንድ ስም ከሁለት ቃላት መገጣጠሙ የተለመደ ነው። ይህን ለማስረዳት ለአማርኛ አንባቢ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» የሚሉትን ከ«ማርያም»፣ ከ«ሥላሴ»፣ ከ«ጊዮርጊስ» ጋር እያጣመርን ስንት ሰው እንደምንሰይም እናውቃለን። አርባ ምልክቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢጣመሩ፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች መሆኑ ሳይቆጠር እንኳ 780 ጥንዶች ይወጣሉ። ይህ ለአንድ አገር መኳንንት የሚበቃ የስም ብዛት ነው።

ተቃውሞ የለውም አልልም። በነገሥታቱ ዝርዝር ውስጥ ብሪዴይ፣ ድሬስት፣ ታሎርክ፣ ኔክታን የሚሉት ስሞች እየተደጋገሙ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም ከሁለት ቃላት የተገጣጠሙ አይመስሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምልክት አንድ የስም ክፍል ነው ብሎ በግድ ማያያዝ አይቻልም። በ2010 ሦስት ተመራማሪዎች የምልክቶቹን አደራደር በሒሳብ ስሌት መርምረው፣ አንዱ ምልክት ሌላውን የሚያስከትልበት ሁኔታ እንዲያው ከተዘራ ነገር ይልቅ የቋንቋ ጽሕፈትን ይመስላል የሚል ውጤት አሳተሙ። ጋዜጦችም የፒክቶች ጽሕፈት ተገኘ ብለው አወጁ። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ወዲያው እንዳመለከቱት፣ እንዲህ ያለው ስሌት ሥርዓት መኖሩን እንጂ ሥርዓቱ ቋንቋ መሆኑን አይለይም፤ የመኳንንት ዓርማም የራሱ ሥርዓት አለውና። እኔ በበኩሌ የስሌቱን ውጤት ለስም መላ ምት ድጋፍ አድርጌ አልቆጥረውም። ድጋፉ ያለው በድንጋዮቹ አቋቋምና በጎረቤቶች ልማድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ምልክት ስምን ሊያመለክት ይችላል፣ ድምፁን ግን ሳይጽፍ። 5 የሚለውን ቁጥር አማርኛ ተናጋሪ «አምስት»፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በራሱ ቃል ያነበዋል፤ ምልክቱ ስለ ድምፁ አንዳች አይናገርም። የፒክቶች ምልክት እንዲህ ያለ ከሆነ፣ ጥንድ ክቦቹን ያየ የዘመኑ ሰው ስሙን ወዲያው ይጠራው ነበር፤ እኛ ግን የአገሩ ሰዎች ያውቁት የነበረውን ስላላወቅን፣ በምልክቱ ላይ ብቻ አንድ ሺህ ዓመት ብናፈጥ አንጠራውም። ቋንቋቸውም ከዌልስ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ የኬልት ቋንቋ እንደ ነበር ከቦታና ከሰው ስሞች ይታወቃል እንጂ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያነብልን የለም።

መፍቻ የሚሆን፣ በሁለት ጽሕፈት የተጻፈ ድንጋይ የለምን? የሚመስሉ አሉ። በሴንት ቪጂንስ ያለው የድሮስተን ድንጋይ ጥንድ ክቦቹና ሌሎች ምልክቶች አሉት፤ በጠባቡ ጎኑ ግርጌም በላቲን ፊደል ድሮስተን፣ ኡኦሬት፣ ፎርኩስ የሚሉ ሦስት ስሞች ይነበባሉ። ምልክቶቹ ከእነዚህ ስሞች የትኛውን እንደሚያመለክቱ ግን ድንጋዩ አይናገርም፤ ጽሕፈቱ ስለ ሟቹ ይሁን፣ ስለ አሠሪው፣ ወይም ስለ ቀራጩ ያከራክራል። በብራንድስበት የሚገኘው ድንጋይ ደግሞ ግማሽ ጨረቃና እባብ አለው፣ አጠገባቸውም የኦጋም ጽሕፈት ተጭሯል። ጭረቶቹ ፊደል በፊደል ይነበባሉ፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላግባባም። ይህ ድንጋይ ተሰባብሮ የማሳ አጥር ካብ ውስጥ ገብቶ ከኖረ በኋላ ቁርጥራጩ ተለቅሞ እንደ ገና የተገጠመ ነው፤ አንድ ክፍሉም ጎድሎአል።

ስለ ዘመናቸው የነበረው ሐሳብ በቅርቡ ተለውጧል። ቀድሞ ብዙዎች ምልክቶቹ ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው መቶ ዓመት እንደማይቀድሙ፣ እንስሳቱም ከወንጌል መጻሕፍት ሥዕል የተወሰዱ እንደሆኑ ያስቡ ነበር። በስቶንሄቨን አጠገብ ዳኒከር የሚባል፣ ከባሕሩ ውስጥ ብቻውን የቆመ ገደል አለ። በ1832 የአካባቢው ወጣቶች ገደሉን ወጥተው ምልክት ያለባቸው ድንጋዮች አገኙ፤ አንዳንዶቹንም ወደ ባሕር ወረወሯቸው። የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2015 ጀምሮ በገመድ እየወጡ ባደረጉት ቁፋሮ፣ ድንጋዮቹ የነበሩበት ምሽግ የሦስተኛውና የአራተኛው መቶ ዓመት መሆኑን አረጋገጡ። ጎርደን ኖብልና ባልደረቦቻቸው በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከዚህ ተነሥተው፣ የምልክቶቹ ሥርዓት በዚያ ዘመን ገደማ ተጀመረ ይላሉ። ያ ዘመን በአየርላንድ ኦጋም፣ በሰሜን አውሮፓም ሩን የተባለው ፊደል በሮም ግዛት ዳርቻ በሥራ ላይ የዋለበት ነው። ሮማውያን ስማቸውን በድንጋይ ላይ ሲቀርጹ ያዩ የድንበር ማዶ ሕዝቦች፣ ፊደሉን ሳይሆን ሐሳቡን ወስደው እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ሠሩበት ማለት ነው። ይህ ከሆነ፣ የፒክቶች ምልክት የኋላ ቀር ሕዝብ ሥዕል ሳይሆን ለኃያል ጎረቤት የተሰጠ መልስ ነው።

መልሱን ይሰጡ የነበሩት እነማን እንደ ነበሩ በራይኒ መንደር በመጠኑ ይታያል። ክሮ ስቴን የሚባለው ድንጋይ፣ ሳልሞን ዓሣና የፒክት አውሬ ተቀርጾበት፣ እስከ ዛሬ በጥንት ሥፍራው ቆሞአል። በ1978 ከዚያው አካባቢ በእርሻ ላይ፣ መጥረቢያ የተሸከመ፣ አፍንጫው ትልቅ፣ ጥርሱ የሾለ ጢማም ሰው ያለበት ድንጋይ ወጣ። ከ2011 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ ድንጋዩ የቆመው በአጥር በተከበበ የመኳንንት ግቢ መግቢያ ላይ እንደ ነበር ታወቀ፤ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ የወይን ጠጅ እንስራ ስባሪና ከፈረንሳይ የመጣ ብርጭቆም ተገኘ። የምልክት ድንጋይ የሚያቆሙ ሰዎች የሩቁን አገር ጠጅ የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ።

ክርስትና ሲገባ ምልክቶቹ አልተጣሉም። ይህ ለክርክሩ ትልቅ ነገር ነው። የጣዖት ምልክት ቢሆኑ ኖሮ መነኮሳቱ ከመስቀሉ ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዲቀረጹ ባልፈቀዱ ነበር። ስም ከሆኑ ግን አያስቸግርም፤ ክርስቲያንም ስም አለውና። የዚህ ዘመን ሥራ ከሆኑት መካከል የእኛን አንባቢ ይበልጥ የሚስበው በኒግ ቤተ ክርስቲያን ያለው የስምንተኛው መቶ ዓመት ድንጋይ ነው። በራሱ ላይ ሁለት መነኮሳት ጎንበስ ብለው ተቃርበው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ቁራ ኅብስት ይዞ ይወርዳል፤ ከበታቹም ጽዋ አለ። በሌላ አገር ያለ ተመልካች መጽሐፍ ማገላበጥ ይኖርበታል። ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ኢትዮጵያዊ ግን ወዲያው ያውቃቸዋል። አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ ናቸው። ቁራው ለአባ ጳውሊ ዕለት ዕለት ግማሽ ኅብስት ያመጣለት እንደ ነበርና እንጦንስ በጎበኘው ቀን ሙሉ ኅብስት እንዳመጣ የሚናገረው ታሪክ፣ በቅዱስ ሄሮኒመስ የላቲን ገድል በኩል እስከ ሰሜን ብሪታንያ፣ በግብፅ በኩልም እስከ እኛ ደርሷል። ከአንድ የግብፅ በረሃ የተነሣ ወሬ በሁለት ተቃራኒ መንገድ ተጉዞ፣ በአንደኛው ጫፍ በብራና ላይ፣ በሌላው በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ሰሌዳ ጀርባ ንስርና የፒክት አውሬ አሉ፤ መስቀሉንና የበረሃ አባቶቹን ያሠራው ሰው በአገሩ ሥርዓት ስሙን ከኋላ አኖረ ብዬ ለመገመት እደፍራለሁ።

ድፍረት ግን ወሰን ሊኖረው ይገባል። በአበርሌምኖ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ድንጋይ የጦርነት ትዕይንት አለው፤ የራስ ቁር ያደረጉ ፈረሰኞችና ራሳቸውን ያልሸፈኑ ተዋጊዎች ይፋለማሉ፣ በታችኛው ጥግም የወደቀውን ባለ ራስ ቁር ወፍ ይበላዋል። የራስ ቁሩ በ1982 በዮርክ ከተማ ከተገኘው የእንግሊዞች ቁር ጋር ይመሳሰላል። በ685 ዓ.ም. ግንቦት ወር የፒክቶች ንጉሥ ብሪዴይ የኖርዘምብሪያውን ንጉሥ ኤጅፍሪዝን ገድሎ ሠራዊቱን ስለ ደመሰሰ፣ ዱኒቼን የሚባለውም ቦታ ከድንጋዩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ፣ ትዕይንቱ ያንን ድል ያሳያል ተብሎ በየመጽሐፉ ተጻፈ። ታሪኩ ደስ ይላል። ነገር ግን ድንጋዩ የተቀረጸው ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አሌክስ ዉልፍም በ2006 ጦርነቱ የተደረገው ከተራራው ሰንሰለት ወዲያ ባለው ዱናክተን ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ከድንጋዩ ጋር የሚስማማ ጦርነት ያገኘነው በመጻሕፍት የተመዘገበው እርሱ ብቻ ስለሆነም ጭምር ነው።

የፒክቶች ንጉሥ ሆኖ በ858 የሞተው ኬኔዝ ማክ አልፒን ነው፤ በ900 ዓ.ም. የአየርላንድ መዋዕለ ዜና የሟቹን ንጉሥ ዶናልድን «የፒክቶች» ሳይሆን «የአልባ ንጉሥ» ይለዋል። ሕዝቡ አልጠፋም፤ ቋንቋውን ለወጠ፣ ስሙን ለወጠ፣ ምልክቶቹንም መቅረጽ ተወ። ምልክቶቹን የሚያነብ የመጨረሻው ሰው መቼ እንደ ሞተ የጻፈ የለም። ከዚያ ወዲያ ድንጋዮቹ ድንጋይ ብቻ ሆኑ። በበርግሄድ ምሽግ ሠላሳ ያህል የኮርማ ቅርጽ ያለባቸው ሰሌዳዎች በ19ኛው መቶ ዓመት ወደቡ ሲሠራ ተገኝተው፣ ዛሬ የምናውቃቸው ስድስት ብቻ ናቸው። በ1819 በኖሪስ ሎው የተገኘው የብር ክምችት አብዛኛው ቀልጦ ተሸጠ፤ ምልክት ያለበት ሰሌዳ የተረፈው በዕድል ነው። በ2022 ይፋ የሆነው አዲሱ የአበርሌምኖ ድንጋይም በመካከለኛው ዘመን ለቤት ወለል ንጣፍ ሆኖ የተገኘ ነው።

ከሁሉም የሂልተን ኦፍ ካድቦል ድንጋይ ታሪክ ይበልጣል። በ800 ገደማ የተቀረጸው ይህ ሰሌዳ፣ በባሕሩ ዳር ባለ መንደር የቆመ፣ በአንድ ፊቱ መስቀል፣ በሌላው የአደን ትዕይንት ያለው ነበር። በአደኑ ላይ አንዲት እመቤት በጎን ተቀምጣ በፈረስ ትሄዳለች፤ መስተዋትና ሚዶ አጠገቧ አለ፤ ሁለት መለከት ነፊዎች ይከተሏታል። ለማናቸውም ተመልካች ይህች ሴት ስም ያላት ሰው መሆኗ ይታያል። በ1676 ግን የመስቀሉ ፊት ሙሉ በሙሉ ተጠርቦ ተወግዶ፣ በምትኩ የአሌክሳንደር ደፍና የሦስት ሚስቶቹ መታሰቢያ ተጻፈበት። ስም የነበረበት ድንጋይ ሌላ ስም ተጻፈበት ማለት ነው፤ በአዲሱ ፊደል የተጻፈውን ሁላችንም እናነበዋለን። በ1860ዎቹ ድንጋዩ ወደ ኢንቨርጎርደን ቤተ መንግሥት ተወሰደ፤ በ1921 ለብሪቲሽ ሙዚየም ተሰጥቶ ለንደን ደረሰ፤ በስኮትላንድ ቁጣ ስለ ተነሣም በዚያው ዓመት ወደ ኤዲንብራ ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. ባሪ ግሮቭ የተባሉ ቀራጭ ቅጂውን ሠርተው በጥንቱ ቦታ ተከሉ። በ2001 ደግሞ የእውነተኛው ድንጋይ ግርጌ ከመሬት ውስጥ ወጣ፤ ከዙሪያውም በሺህ የሚቆጠሩ፣ በ1676 የተጠረበው መስቀል ፍርስራሾች ተለቀሙ።

ግርጌው የት ይቀመጥ የሚለው ክርክር ወዲያው ተነሣ። የሙዚየሙ ሰዎች ከላይኛው ክፍል ጋር እንዲገጠም ፈለጉ፤ የመንደሩ ሰዎች እምቢ አሉ። ሁኔታውን ያጠኑት ሺያን ጆንስ እንደ ጻፉት፣ ነዋሪዎቹ ስለ ድንጋዩ ሲናገሩ እዚያ እንደ ተወለደና ወደ ባዕድ አገር እንደ ተወሰደ የመንደሩ ልጅ አድርገው ነበር። በካታሎግ ሥርዓት ከሄድን አንድ ሰነድ ለሁለት ተከፍሎ መቀመጥ የለበትም፤ እኔም ጉዳዩን መጀመሪያ ያነበብሁ ጊዜ ፍርዴ ለሙዚየሙ ነበር። ዛሬ እንደዚያ እርግጠኛ አይደለሁም። ላይኛው ክፍል በኤዲንብራ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ግርጌው በባሕሩ ዳር በባሊንቶር መንደር አዳራሽ፣ ቅጂው በጥንቱ ሥፍራ ላይ ይገኛሉ።